ቁጥሩን ከመንካትህ በፊት

ልጄ፣ የእናትህን የመተንፈሻ ማሽን ራስህ ማስተካከል ትችል እንደሆነ ጠይቀኸኛል። አዴር (አጎቴ) እያልክ ስለምትጠራኝ፣ እኔም ማታ ማታ እንደዚያው ያለ ማስክ አጥልቄ የምተኛ ሰው ስለሆንኩ፣ ሳልሸፋፍን ልመልስልህ። ግማሹን ትችላለህ፤ ግማሹን አትችልም። የምትችለው ግማሽ ከምታስበው በላይ ሰፊ ነው፤ እናትህንም ይበልጥ የሚጠቅማቸው እሱ ነው። የማትችለው በቪዲዮ ያየኸውን ነው፤ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነህ ጥቂት ሰከንድ ስትቆይ የሚከፈተውን የሐኪም ገጽ። እዚያ ገብተህ ግፊቱን ከፍ ዝቅ ብታደርገው የሚከለክልህ የለም፤ ማሽኑም አይጮህብህም። አደጋው ያለው እዚህ ዝምታው ላይ ስለሆነ አስቀድሜ ልንገርህ።

መጀመሪያ ማሽኑ ምን እንደሚሠራ እንግባባ። በ1981 እ.ኤ.አ. ኮሊን ሱሊቫን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ከአውስትራሊያዋ ሲድኒ ሲፓፕን ለዓለም ሲያሳውቅ፣ ሐሳቡ ቀላል ነበር። በእንቅልፍ ላይ ጉሮሮው እየላላና እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ሰው፣ በአፍንጫው በኩል ሳያቋርጥ አየር ቢነፋለት ጉሮሮው ተከፍቶ ያድራል። የሚነፋውም የዚያው የክፍሉ አየር እንጂ ኦክስጅን አይደለም። ኦክስጅን የሚያወጣው መሬት ላይ ቆሞ የሚያጓራው ሌላው ዕቃ፣ ኮንሰንትሬተሩ ነው። አንዱ ጉሮሮ ይከፍታል፣ ሌላው ኦክስጅን ይጨምራል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

የእናትህ ማሽን ደግሞ ባይፓፕ ነው። እናትህ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቆራረጥ ብቻ አይደለም ያለባቸው። ሲጋራ በእጃቸው ሳይነኩ፣ ዕድሜያቸውን በከሰልና በማገዶ ጭስ ፊት ስላሳለፉ ሳንባቸው ተጎድቷል፤ ሐኪሞች ሲኦፒዲ ይሉታል። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ ነገሩ ከእያንዳንዳቸው የከፋ እንደሚሆን የኤድንብራው ሐኪም ዴቪድ ፍሌንሊ በ1985 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር። ባይፓፕ ለእንዲህ ያለው ሰው ሁለት ግፊት ይሰጣል፤ አየር ሲስብ ከፍ ያለውን፣ ሲያስወጣ ዝቅ ያለውን።

አሁን ልብ ብለህ ስማኝ። ለእናትህ 14 በ6 ተብሎ ታዞላቸዋል እንበል። 6ቱ ጉሮሯቸውን ከፍቶ ይይዛል። በ14ና በ6 መካከል ያለው 8 ደግሞ የደከመውን ደረት አግዞ የተቃጠለውን አየር ያስወጣል። አንተ ሌሊት ማንኮራፋታቸውን ሰምተህ ታችኛውን ቁጥር ወደ 10 ብታወጣው፣ ማንኮራፋቱ ይቀንስ ይሆናል፤ ልዩነቱ ግን ከ8 ወደ 4 ወርዷል። ማሽኑ እንደወትሮው ይሠራል፣ እናትህም ጸጥ ብለው ይተኛሉ፣ የተቃጠለው አየር ግን ደማቸው ውስጥ እየተጠራቀመ ያድራል። ላይኛውን ያለ ልክ ብትሰቅለውም ሌላ ጣጣ አለው፤ ማስኩ ያፈሳል፣ ሆዳቸው በአየር ይነፋል፣ አንዳንዱም ሰው የራሱን ትንፋሽ መሳብ ይረሳል። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ሐኪም የሚያስተካክላቸው የደም ጋዝ ምርመራና የሌሊት መረጃ አይቶ ነው፤ አንተ ዘንድ ያለው ጆሮህ ብቻ ነው።

ኦክስጅኑም እንደዚሁ ነው፤ ቤተሰብ በፍቅር የሚሳሳተውም በብዛት እዚህ ላይ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን ሙሌት መለኪያ፣ ኦክሲሜትሩ፣ 90 ሲያሳይ ልጅ ይደነግጣል፤ ይሮጥና የኮንሰንትሬተሩን ማስተካከያ ከ1 ሊትር ወደ 4 ያዞረዋል። ቁጥሩ 97 ሲገባ እፎይ ይላል። የተጎዳ ሳንባ ግን የራሱ ብልሃት አለው፤ አየር በደንብ ከማይደርስበት ክፍሉ ደሙን ወደሚደርስበት ያዞራል። ኦክስጅን ሲበዛበት ያ ጥንቃቄ ይላላል፤ ደሙ ወደ ታፈነው ክፍል ይሄድና የተቃጠለውን አየር ሳያራግፍ ይመለሳል። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የታዝማኒያ ጥናት 405 ሕሙማንን ተመልክቷል። በአምቡላንስ ውስጥ ኦክስጅን እንደልብ ከተለቀቀላቸው ይልቅ፣ ሙሌቱ ከ88 እስከ 92 በመቶ ላይ እንዲቆይ ተመጥኖ በተሰጣቸው፣ ሲኦፒዲያቸው በምርመራ በተረጋገጠ ሰዎች ላይ፣ ሞት በ78 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ኦክስጅኑ አንድ ዓይነት ነው፤ የለየው መጠኑ ነው።

ስለዚህ ለእናትህ የተጻፈላቸው ግብ ከ88 እስከ 92 ከሆነ፣ 90 መልካም ቁጥር ነው። ከበርበራ የመጣ ዘመድ «እኛ ዘንድ ሳሉ 95 ነበር» ቢልህ አትረበሽ። በርበራ ባሕር ዳር ናት፤ የእኛዋ ጅግጅጋ ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ዳር ከተማ በ17 በመቶ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ ለቀጠሮ ስትወስዳቸው ደግሞ ቁጥሩ ከዚህም ዝቅ ሊል ይችላል። ግቡ በሐኪም እጅ ለእሳቸው ካልተጻፈላቸው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ የመጀመሪያው ጥያቄህ ይህ ይሁን፤ በወረቀት ላይም አስጽፈው።

ይህን ስል ኦክስጅንን እንድትፈራው አይደለም። ሱሊቫን ሲፓፑን ባሳወቀበት በዚያው 1981 የታተመው የእንግሊዞች ጥናት፣ በደማቸው ውስጥ ኦክስጅን እጅግ ያነሰባቸው የሳንባ ሕሙማን በቀን ቢያንስ 15 ሰዓት ሲጠቀሙ ዕድሜያቸው እንደሚረዝም አሳይቷል። የታዘዘው ሊትር ለታዘዘው ሰዓት ያህል ይሰጥ። ሲያቃስቱ መጨመር፣ ሲሻላቸው መንቀል ግን አይሁን።

አንድ ሌላ ማታለያ አለ። ጠዋት ስክሪኑ ላይ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደተቋረጠ የሚነግር ቁጥር ታያለህ። ከ5 በታች ከሆነ ጥሩ ነው ይባላል፤ ሕመሙ የጉሮሮ ብቻ ለሆነ ሰው እውነት ነው። ሳንባው ለታመመ ሰው ግን ያ ቁጥር 2 ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹ አጭርና ደካማ ሊሆን ይችላል። በተለይ ሕልም በሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል የደረት ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ሥራው ሁሉ በአንድ ድያፍራም ላይ ይወድቃል። ማሽኑ ይህን ሁልጊዜ አይቆጥርልህም። የሚነግርህ ጠዋት ነው። እናትህ ሲነቁ ራሳቸውን ያማቸዋል? ፈጅርን ለመስገድ ተነሥተው የት እንዳሉ ለጥቂት ጊዜ ይጠፋቸዋል? እጃቸውን ወደፊት ዘርግተው መዳፋቸውን ቀና ሲያደርጉ ይርገበገባል? ቀን ሻይ ይዘው እንደተቀመጡ ያንቀላፋሉ? ከስክሪኑ ይልቅ ለእነዚህ ምልክቶች ትልቅ ቦታ ስጥ።

ወደምትችለው ግማሽ እንሂድ፤ ማስኩ።

ባይፓፕ አልስማማኝ አለ የሚሉ ሰዎችን ቀርቤ ሳያቸው ብዙውን ጊዜ ያልተስማማቸው ማስኩ ነው። ማስክ ቁጭ ብሎ አይለካም። እናትህ ይተኙ፣ ማሽኑን አብራው፣ ግፊቱ ይምጣ፤ ከዚያ ማሰሪያውን ግራና ቀኙን እኩል አስተካክል። ባፈሰ ቁጥር ማጥበቅ ልማድ ይሆናል፤ ጎማው ግን ፊት ላይ የሚያርፈው በውስጡ አየር ሲሞላ እንጂ ሲጨፈለቅ አይደለም። አንሥተህ እንደገና ብታስቀምጠው ከማጥበቅ የተሻለ ይሠራል። የአፍንጫቸው ድልድይ ላይ ቀይ ምልክት ካየህ ማስኩ ጠብቋል ወይም ልኩ አይደለም፤ ቁስል እስኪሆን አትጠብቅ። ለዒሻ ዉዱእ ሲያደርጉ ፊታቸው ይታጠባልና፣ ከዚያ በኋላ ቅባትና ቫዝሊን ሳይቀቡ ይተኙ። ቅባት ጎማውን ያንሸራትተዋል፣ ያበላሸዋልም፤ ከኦክስጅን ጋር ደግሞ የእሳት ጠንቅ ነው። ሻሽ አስረው የሚተኙ ከሆነ፣ ሻሹ ከማሰሪያው በላይ ይዋል። ግን ማስኩ ፊት ላይ ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች እንዳይሸፍን። የተቃጠለው አየር የሚወጣው በእነሱ ነው። አየር «እየባከነ» መስሎት በፕላስተር የደፈነ ሰው በራሱ እጅ ሊያፍናቸው ነው።

አፍ ከፍተው የሚተኙ ከሆነ የአፍንጫ ብቻ የሆነው ማስክ አይበቃቸውም፤ አፍና አፍንጫን አብሮ የሚሸፍነው ይፈለግ። መጀመሪያ ላይ የሚያስጨንቃቸው ከሆነ ቀን ነቅተው ሬዲዮ እያዳመጡ ይልበሱት፤ ጭንቀቱ በልምምድ ይለቃል። ራምፕ የሚባለውን፣ ግፊቱን ከዝቅተኛ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚያወጣውን፣ በሕሙሙ ገጽ ላይ ታገኘዋለህ፤ እሱን ንካው። እርጥበቱንም እንደዚሁ። ጉሮሮ ሲደርቅ ጨምር። በጥርና በታኅሣሥ ብርድ ቱቦው ውስጥ ውሃ ሲንቆረቆር ከሰማህ ቀንስ፣ ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ ማሽኑንም ከአልጋው ዝቅ አድርገህ አስቀምጥ።

ውሃውን በተመለከተ፣ የተጣራ ውሃ ካገኘህ እሱን፤ ካላገኘህ አፍልተህ ያቀዘቀዝከውን። መፍላት ጀርሙን ይገድላል፣ ማዕድኑን ግን አያስወጣም፤ የማንቆርቆሪያው ታች የሚቀረው ነጭ ቅርፊት የማሽኑ ዕቃ ውስጥም ይቀራል፤ ውሃ በተቀላቀለበት አቼቶ እየነከርክ አስለቅቀው። ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ ግን አታስጠጋው፤ ውስጡ አሲድ ሊኖር ይችላል። በየቀኑ የቀረውን ድፋ፣ ዕቃውንና ማስኩን በለስላሳ ሳሙና እጠብ፣ በጥላ አድርቅ፤ በረኪና አይነካውም። የጅግጅጋን ነፋስና አቧራ አንተው ታውቀዋለህ። መመሪያው ማጣሪያው በወር ይቀየር ካለ፣ አንተ በየሳምንቱ እያየህ ሲጠቁር ቀይረው። ነጩ ስስ ማጣሪያ አይታጠብም፤ ይጣላል።

ከውጭ ስለሚመጣው ዕቃ ደግሞ ጠንከር አድርጌ ልንገርህ። ከሚኒያፖሊስም ከቶሮንቶም ዘመድ በሻንጣ ይዞ ይመጣል፤ በቶጎ ወጫሌ በኩልም ይገባል። እግዜር ይስጣቸው፣ ዕቃው ውድ ነው። ግን ሶኬት ከመሰካትህ በፊት ገልብጠህ ጽሑፉን አንብብ። የሲፓፕና የባይፓፕ አዳፕተር ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ መሰኪያውን መቀየር ይበቃል። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ኮንሰንትሬተር ግን በአብዛኛው 115 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። በቀጥታ ከሰካኸው ያቃጥለዋል፤ በትራንስፎርመር ብታወርደውም ኸርዙ አይለወጥም፣ ሞተሩም እንደተሠራበት አይሽከረከርም።

ቀጥሎ ዓይነቱንና የተሠራበትን ጊዜ እይ። ፊሊፕስ በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠሩ የሲፓፕና የባይፓፕ ማሽኖቹን እንዲመለሱ ጠርቷል፤ የመጀመሪያው ድሪምስቴሽን ከእነሱ አንዱ ነው፤ የተጠሩት ከሚያዝያ 26 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩት ናቸው። ድምፅ እንዲያፍን ውስጡ የተለጠፈው ስፖንጅ እየተፈረካከሰ በቱቦው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል ተብሎ ነው። ሙቀትና እርጥበት ያባብሰዋል። አሮጌ ማሽኖች በስጦታ ስም ድንበር እንደሚሻገሩ ታውቃለህና፣ የመለያ ቁጥሩን ለላከው ዘመድ ንገረውና እዚያው ያጣራ። ደግሞም ያገለገለ ማሽን የቀድሞ ባለቤቱን ቁጥሮች ይዞ ይመጣል። ለአንድ ወፍራም የሚኒሶታ ሰው የተሞላ ግፊት ለእናትህ መድኃኒት አይሆንም። እነዚያን ቁጥሮች የሚለውጠውም ሐኪም ነው። በጣም አሮጌ ከሆኑት መካከል ከፍታን በእጅ የሚያስመርጡ አሉ፤ ለሐኪሙ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር መሆኗን አስታውሰው። አዳዲሶቹ ራሳቸው ያስተካክላሉ።

መብራት ሲጠፋ የሚሆነውን ከአሁኑ አስላ። ባይፓፑ እርጥበቱንና የሚሞቀውን ቱቦ ካጠፋህ ትንሽ ነው የሚበላው፤ 30 ዋት ገደማ ብለህ ያዝ። ደህና የሆነ 100 አምፔር ሰዓት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀም እንኳ ሌሊቱን ያወጣዋል። ባለ 5 ሊትር ኮንሰንትሬተር ግን 350 ዋት አካባቢ ይፈልጋል፤ በዚያው ባትሪ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ባትሪውን ለባይፓፑ መድበው፤ ለኦክስጅኑ ደግሞ የተሞላ ሲሊንደር ቤት ይኑር። ኢንቨርተር ስትገዛ ንጹሕ ሞገድ የሚሰጠውን ጠይቅ፤ ርካሹ የማሽኑን ማሞቂያ ሊጎዳ ይችላል። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ቮልት ከመጥፋቱ የከፋ ስለሆነ ስታቢላይዘር አይቅር። በቀብሪ በያህና በሐርት ሼክ ያሉ ዘመዶችህ ሶላር ካላቸው ስሌቱ ያው ነው።

እሳትን በተመለከተ ቤታችሁን አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ በዕጣን ማጤሻው፣ በዳብቃዱ፣ ላይ ኡንሲ ይጤሳል፤ የሻይ ከሰልም በረንዳው ላይ ነው። ኦክስጅን ባለበት ክፍል እሳት የለም፤ ከሰልም፣ ሻማም፣ ሲጋራም፣ ኡንሲም። ቢያንስ 3 ሜትር ይራቅ፤ እኔ ግን ከክፍሉ ጨርሶ ይውጣ እላለሁ። ጭሱ ራሱ ለእሳቸው ሳንባ መርዝ ነው። እንግዳ ቢቀየም ይቀየም። ኦክስጅኑን ከባይፓፑ ጋር የምታገናኝ ከሆነ ተራው ይጠበቅ። መጀመሪያ ባይፓፑን አብራ፣ ከዚያ ኦክስጅኑን ክፈት፤ ስታቆም መጀመሪያ ኦክስጅኑን ዝጋ፣ ከዚያ ባይፓፑን አጥፋ። ተራው ከተገለበጠ ኦክስጅኑ በቆመው ማሽን ውስጥ ይጠራቀምና ለእሳት ይዳርጋል።

እንቅልፍ አጣሁ ሲሉህ ከፋርማሲ ዲያዜፓም ገዝተህ አትስጣቸው። የእንቅልፍ ክኒን የጉሮሮን ጡንቻ ያላላል፣ አንጎል ለትንፋሽ የሚሰጠውንም ትእዛዝ ያደክማል። ቤት ውስጥ ጫት የሚቅም ካለ እስከ ሌሊት የሚቆየው ጨዋታ ከእሳቸው ክፍል ይራቅ። በረመዳን እንቅልፍ ይከፋፈላል፤ ከተራዊሕ በኋላ ትንሽ፣ ከሱሑር በኋላ ትንሽ። በእያንዳንዱ ማስኩ ይጠለቅ፤ ቀን ጋደም ሲሉም እንዲሁ። ለመጾማቸው ደግሞ ሐኪሙንና ሼኩን አብረህ ጠይቅ። ለታመመ ሰው የተሰጠው ፈቃድ የታወቀ ነው፤ እናትህ ግን ከአንተ አፍ ሳይሆን ከሼኩ አፍ ሲሰሙት ይቀበሉታል።

ቁጥሩን ማን ይለውጠው ትለኛለህ። ጥቁር አንበሳ የሳንባ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ባለሙያዎቹ ገና ጥቂት ናቸው። ሆኖም መነሻህ እዚሁ ነው፤ ሼክ ሐሰን ያባሬ ሪፈራል ወይም ካራማራ ሆስፒታል ያለ የውስጥ ደዌ ሐኪም አይቶ ሐረር ሕይወት ፋና ወይም አዲስ አበባ ይጽፍልሃል። የአንተ ሥራ ባዶ እጅህን አለመሄድ ነው። ማሽኑ ጎን ላይ ያለችውን ትንሽ ካርድ አውጣ፤ ኦስካር የሚባል ነጻ ፕሮግራም በላፕቶፕህ ላይ የየሌሊቱን ግፊት፣ ማፍሰስና ትንፋሽ ዘርዝሮ ያሳይሃል። አንተ በቪዲዮ ለመማር ያለህን ትጋት እዚህ ላይ አውለው። አንብበው፣ አትመው፣ ለሐኪሙ ስጠው። የጠዋቱን ምልክቶችና የኦክሲሜትሩን ቁጥር በደብተር ጻፍ። ይህን ይዞ የሚመጣ አስታማሚ ያለው ሕሙም የሚያገኘው ሕክምና ሌላ ነው።

ይህን ሁሉ ለመጀመር ቀጠሮ አያስፈልግህም። ነገ ጠዋት እናትህ ማስኩን እንዳወለቁ ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠይቃቸው። አዎ ካሉህ በዚያው ቀን ማሽኑን ከነማስኩ ይዘህ ወደ ሐኪም ውሰዳቸው። ቃላቸው ከተምታታ፣ ከንፈራቸው ከጠቆረ ወይም ስትቀሰቅሳቸው ካልነቁ ደግሞ ኦክስጅኑን ከታዘዘው አልፈህ ሳትጨምር፣ ባይፓፑን ይዘህ በዚያችው ደቂቃ ሆስፒታል አድርሳቸው።